ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌዎች

ማቲዎስ ከደሴ ሰው የፈለገው ትንሽ ምራቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚሰጠው አጣ።

ማቲዎስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮሜዲካል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። በዚያ ዓመት ክፍላቸው ውስጥ አንድ አዲስ ኮርስ ተጀምሮ ነበር፤ በሕክምናው ሳይንስ ገና ብቅ ብቅ በማለት ላይ ያሉ ዘርፎችን የሚያስጠና። አስተማሪው ዶክተር ኃይለ ሚካኤል የመጀመሪያው ቀን ባዶ እጃቸውን ገብተው፣ "የዚህ ኮርስ መጽሐፍ ገና እየተጻፈ ነው። እኔም አብሬያችሁ ነው የምማረው። ስሳሳት ዝም ካላችሁኝ ነጥብ እቀንሳለሁ" አሉና ክፍሉን አሳቁት።

ተማሪው ሁሉ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ አንድ ዘርፍ መረጠ። ኡመይማ፣ የደሴ ሆጤ ሰፈር ልጅ፣ ከሰው ቆዳ ተወስደው በሳህን ላይ የሚያድጉ ሕዋሳትን ያዘች። ማቲዎስ አፍን መረጠ። በሰው አፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ከፊሎቹ ጥርስ ያበላሻሉ፣ ከፊሎቹ ይጠብቃሉ፤ የብዙዎቹን ሥራ ግን እስካሁን በቅጡ የሚያውቅ የለም። እሱ ሊያውቅ የፈለገው፣ ዕድሜውን ሙሉ በመፋቂያ ጥርሱን ሲፍቅ የኖረ ሰውና በቡርሽና በጥርስ ሳሙና የሚያጥብ ሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ይመሳሰላሉ ወይ የሚለውን ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እሱ ግን ከያዘው ጀምሮ ታክሲ ውስጥ እንኳ የሚያየው የሰው ጥርስ ብቻ ሆኖ ነበር።

የኮምቦልቻው ወገን፣ ማለት ባለ ቡርሾቹ፣ ሳያስቸግሩት ተሟሉ። እናቱ አስናቀች ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም በኋላ በሩ ላይ ቆማ፣ "ዛሬ ሳይተፋ የሚወጣ የለም!" ብላ አወጀች። ማቲዎስ ከኋላዋ እየተከተለ፣ "በፈቃዳችሁ ነው፣ በፈቃዳችሁ ብቻ ነው፣ ያልፈለገ መሄድ ይችላል" እያለ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጭ ብሎ አስረዳ። የሄደ ሰው አልነበረም። አስናቀችን አልፎ የሚሄድ ከየት ይመጣል?

ችግሩ ደሴ ላይ ነው የመጣው። ባለ መፋቂያ ሽማግሌ ፍለጋ ገበያ ወጣ። "የዘረ መል ጥናት ነው" ብሎ ሲጀምር የመጀመሪያው ሰውዬ "ዘር" የምትለዋን ብቻ ለቅመው፣ "ልጄ፣ ዘር መቁጠሩ ይቅርብህ፤ ፊትህ ደግ ይመስላል" ብለውት ሄዱ። አነጋገሩን ለወጠና፣ "ስለ አፍ ጤና ነው" ማለት ጀመረ። አሁን ደግሞ አንዲት እናት አፋቸውን እስከ ጉሮሯቸው ከፍተው የሚያማቸውን መንጋጋ አሳዩትና፣ "ካልነቀልክልኝ አለቅህም" አሉት። ከዚህ ሁሉ ትርፉ ድካም ሆነ።

ይህም ሆኖ ጊዜ ቢኖረው አይጨነቅም ነበር፤ ትዕግሥት አልተቸገረም። ዶክተር ኃይለ ሚካኤል ግን ከአዲስ አበባ አንድ የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ መሣሪያ ተውሰው አምጥተዋል። ስልክ የምታህል፣ ኪስ የምትገባ ነገር ናት። ቅዳሜ ትመለሳለች።

"እንግዲህ ልብ በል" አሉት። "ሐሙስ ከሥራ መውጫ በፊት ላቦራቶሪ ያልገባ ናሙና አይነበብም። ከባለ መፋቂያዎቹ ቢያንስ ስምንት ሰው ያስፈልግሃል። ስምንት ካልሞላ ማነጻጸር የለም። ማነጻጸር ከሌለ ደግሞ ርዕሱን ለውጠህ ሌላ ትይዛለህ።"

"ምን ዓይነት ሌላ?"

"የድሮ የላቦራቶሪ ውጤቶችን መደመር አለልህ። እሱ አይጠፋም።"

ማቲዎስ ከቢሮው ሲወጣ ፊቱን ያየችው ኡመይማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ማን ሞተ?"

"ርዕሴ። ሐሙስ ነው ቀብሩ።"

"አብሽር!" አለችው። "እኔ እያለሁ? ለምን አባባን አትጠይቀውም? ቡርሽ የሚባል ነገር አፉ ገብቶ አያውቅም።"

አባባ የምትለው አያቷን ሐጂ ባሽርን ነው። ቅድመ አያታቸው ከየመን ጨርቅ ተሸክመው መጥተው ደሴ ቀሩ፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ነግደው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። ስኳር ስላለባቸው ጣፋጭ የተባለ ሁሉ ክልክል ነው፤ የክልከላው አስከባሪ ደግሞ ኡመይማ ናት። ጥርሳቸው ግን እስከ ዛሬ አንድም አልጎደለም። ጠዋት ማታ መፋቂያ ከእጃቸው አይለይም።

"አንተው ደውልለት" አለችው ኡመይማ። "እኔ ከጠየቅሁት ሥራ ሊያሠራኝ ነው ይላል። እንግዳ ከጠየቀው ግን እምቢ አይልም።"

ማቲዎስ ረቡዕ ዕለት ከፒያሳ ደወለ። ቦታው ለስልክ የሚሆን አልነበረም፤ ባጃጁም ሚኒባሱም ጥሩምባውን ይነፋል።

"ጤና ይስጥልኝ ሐጂ፣ ማቲዎስ እባላለሁ። የኡመይማ የክፍል ጓደኛ።"

"መርሐባ፣ መርሐባ! የኮምቦልቻው ልጅ! ምን ልታዘዝ?"

"ለጥናቴ ነበር። የእርስዎንና የጓደኞችዎን ምራቅ ፈልጌ ነው።"

"ምን?"

"ምራቅ!" ከፊቱ የቆመ ባጃጅ ጥሩምባውን ለቀቀው።

"እእ… ምርቃት! ለመመረቂያህ ነው?"

"አዎ፣ ለመመረቂያዬ ነው!" አለ ማቲዎስ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ማለቱ ነው።

"እሱማ ምን ገዶን ልጄ! ስንት ሰው ይበቃሃል?"

"ስምንት ቢገኝ…"

"ስምንት ምን አላት! አሥራ ሁለት አመጣልሃለሁ። ጠዋት ማታ እሱን አይደል እንዴ የምንሠራው።"

የማቲዎስ ዓይን እንባ ሞላ። "ሐጂ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለእያንዳንዱ ሰው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።"

"አምስት ደቂቃ!" ሐጂ ባሽር ሳቁ። "ወላሂ አንተ ልጅ የኛን አታውቀውም። ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ና።"

ናሙና ከመስጠታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም እንዳይበሉ፣ እንዳይጠጡ፣ እንዳያኝኩ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ቢሞክር አልገባለትም። ስደርስ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተወው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኡመይማና እሱ የበረዶ ሣጥኑን በመካከላቸው አድርገው በባጃጅ ሆጤ ወጡ። የሐጂ ባሽር ቤት በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያይ የማቲዎስ ልብ በደስታ መታ። ሲገባ ግን ቀዝቀዝ አለ። አሥራ ሁለቱም መጅሊሱ ላይ ዙሪያውን ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ምሳ ተበልቷል። ከየሰዉ ፊት ጫት አለ፤ የሁሉም ጉንጭ በአንድ በኩል አብጧል።

"ሐጂ" ብሎ ጀመረ፤ "አስቀድሜ ልናገረው የሚገባኝ…"

"ቁም ልጄ፣ እዚህ መሐል ቁም። ኮፍያህን አውልቅ።"

ማቲዎስ ኮፍያውን አወለቀ። የቤቱ ሥርዓት ነው፣ ከሥራው በፊት የሚደረግ ነገር ይኖራል ብሎ ገመተ። ኡመይማም በዓይኗ "ቁም" አለችው፤ እሷም አልገባትም። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"የያዝከውን ያድርስልህ!" አሉ ሐጂ ባሽር።

"አሚን!"

"እውቀትህ ለሰው ይትረፍ!"

"አሚን!"

"ፈታኝህ ፊት አንደበትህን ያርታልህ! እናትህን በሹመትህ ያስቃት!"

"አሚን! አሚን!"

ምርቃቱ ከሐጂ ባሽር ወደ ቀኝ ዞረ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ትዳር ተመረቀለት፣ ልጅ ተመረቀለት፣ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ተመረቀለት፤ ለአንዱማ የቤቱ ፎቅ ስላነሰባቸው አንድ ጨመሩበት። ጋሽ ቢያዝን፣ የሐጂ ባሽር የክርስቲያን ጎረቤትና በአሰብ መንገድ ዘመናቸውን የፈጁ ጡረተኛ ሾፌር፣ "ፍሬንህ አይበጠስ!" አሉና ሁሉም "አሚን!" አሉ። በማቲዎስ ቤተ ክርስቲያን መጋቢው እጁን ጭኖ ይጸልያል፤ እንዲህ ተቀባብሎ መመረቅ ለእሱ አዲስ ነው። ደስ አለው፤ ግን በየመሐሉ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ማየቱ አልቀረም። በመጨረሻ ሐጂ ባሽር ተነሥተው ራሱን ዝቅ አስደረጉትና፣ "እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!" አሉበት። የቀሩትም እየተነሡ ተራ በተራ እንትፍ እንትፍ አሉ።

ማቲዎስ ግንባሩ ላይ ያረፈው ጠብታ ሲሰማው፣ ይኼን ሁሉ ናሙና በራሴ ተሸከምኩት ብሎ አሰበ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

"ወዴት ነው?" አለ ማቲዎስ ደንግጦ።

"ጨረስን እኮ" አሉ ሐጂ ባሽር። "የጎደለ አለ? ልጅ ተመረቀልህ፣ ቤት ተመረቀልህ…"

"ምራቁስ?"

"የምን ምራቅ?"

ኡመይማ መጀመሪያ አያቷን አየች፣ ቀጥላ ጓደኛዋን አየች፤ ከዚያ ሻሏን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አባባ" አለች ትንፋሽ ስታገኝ፤ "ምርቃት አይደለም የጠየቀህ። ምራቅ ነው! በብልቃጥ ሊወስድ!"

"አጂብ!" አሉ ሐጂ ባሽር። "ለመመረቂያው አላለኝም? ምራቅን ለመመረቂያ ምን ያደርገዋል?"

ማቲዎስ የበረዶ ሣጥኑን መሬት አኑሮ ቁጭ አለና ከመጀመሪያው አስረዳ። ስለ አፍ፣ ስለ መፋቂያ፣ ስለ ተሕዋስያኑ ነገራቸው። "አፋችን ውስጥ የሰኞ ገበያ የሚያህል ሕዝብ አለ በሉ" አላቸው። "ማን ከማን ጋር እንደሚውል ነው የማጠናው።"

"የኔ አፍ ውስጥማ ከሆነ ሲጣሉ ነው የሚውሉት" አሉ ጋሽ ቢያዝን።

አብረው የነበሩት ብቸኛ ሴት እማማ ሳሊሃ፣ የሐጂ ባሽር ታላቅ እህት፣ አልሳቁም። "እኔ ምራቄን ለብልቃጥ አልሰጥም" አሉ። "የሰው ምራቅ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሲህር፣ ድግምት የሚሠራበት ሰው እጅ ቢገባስ?"

ኡመይማ ልትስቅ ስትል ማቲዎስ በዓይኑ ያዛት።

"ጥያቄዎ ትክክል ነው እማማ" አላቸው። "ስምዎ አይጻፍበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አንብበን ስንጨርስ እሳት ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል።"

"ቁጥር? እኔ ቁጥር ነኝ?"

"ለመጠበቅ ነው። የእርስዎ መሆኑን ማንም እንዳያውቅ።"

"እምቢ ብልስ?"

"መብትዎ ነው። ማንም ለምን አይልዎትም።"

"አንተስ? ትቀየመኛለህ?"

"አልቀየምም። ስምንት ሰው ካልሞላ ግን ርዕሴ ይወድቃል፤ ማዘኑን አዝናለሁ።"

እማማ ሳሊሃ ትንሽ አዩት። "አላዝንም ብሎ ቢሆን አልሰጠውም ነበር" አሉ ለወንድማቸው። "ልጁ አይዋሽም። የሚቃጠልም ከሆነ ለሲህሩም አይተርፍም። አምጣ ብልቃጥህን።"

"እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ ጋሽ ቢያዝን እጃቸውን አውጥተው። "ሐጂ፣ እኛ ምራቃችንን የዋጥን ሽማግሌዎች ነን። ስንት አስታርቀን፣ ስንት ዳኝተን፣ ምራቅ ከዋጥን ስንት ዘመናችን! አሁን ይኼ ልጅ የዋጣችሁትን መልሳችሁ ትፉ ነው የሚለን?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማቲዎስ ራሱ ሆዱን ያዘ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ታየ። ማቲዎስ አንድ በአንድ እየጠየቀ ሲሄድ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መፋቂያ ብቻ ተጠቅመዋል ከተባሉት አሥራ ሁለት ሰዎች አራቱ አፈሩ። አንዱ ልጃቸው ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቡርሽ አምጥቶላቸው ኖሯል። ሐጂ ባሽር ይህን ሲሰሙ፣ "በድብቅ?" አሉ፤ ሰውየው ሌላ ሚስት እንዳገቡ ያህል ነው የደነገጡት። የቀሩት ከሐጂ ባሽር ጋር ልክ ስምንት ሆኑ። አንድ እንኳ ቢጎድል አለቀለት።

"አሁን" አለ ማቲዎስ፤ "ጫቱን ተፍታችሁ፣ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥምጣችሁ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ምንም አይበላም፣ ምንም አይጠጣም።"

"ሻይም?"

"ሻይም።"

"ረመዳን አስገባኸን በለኛ" አሉ እማማ ሳሊሃ።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ ብልቃጥም ታደለ። ስምንቱም ብልቃጡን ከንፈራቸው ላይ ደግነው ጠበቁ። ምንም የለም። ጫት አፍ ያደርቃል። ጋሽ ቢያዝን ጉንጫቸውን በጣታቸው ገፉ፣ ምላሳቸውን አዞሩ፣ በመጨረሻ ብልቃጡን ዘቅዝቀው አዩት።

"ራዲያተሩ ደርቋል" አሉ።

"ሎሚ ላምጣ!" አለች ኡመይማ ብድግ ብላ።

"አይሆንም!" አለ ማቲዎስ። "ሎሚ አፍ ከነካ ናሙናው ተበላሸ።" ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። "ግን ስለ ሎሚ ማውራት አልተከለከለም።"

"እንዴት?"

"አስቡት እስቲ። እናቴ ቃሪያውን ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው… ከዚያ ሎሚውን፣ ያን ወፍራሙን ጭማቂ ያለውን፣ ከላይ ጭምቅ…"

"ኧረ ተው!" አሉ አንዱ፤ ወዲያው ብልቃጡን አፋቸው ላይ ደገኑ።

"አትዋጡት! አንጠባጥቡት!"

ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። እማማ ሳሊሃ ትራሳቸውን አስተካክለው፣ "ይኼ ምን አላት። ስልጆ ሠርቼ አብልቻችሁ የለም? ስናፍጩ አፍንጫ እስኪቆነጥጥ ድረስ የበሰለ…" ብለው ሳይጨርሱ የራሳቸው አፍ ሞላና ብልቃጡን በችኮላ ፈለጉ። ጋሽ ቢያዝን ተቀበሉ። "አሰብ ወደቡ ላይ፣ ከባሕር የወጣ ዓሣ ነው። ፍም ላይ ጣል! ቆዳው ሲንጣጣ ይሰማሃል። ዘይቱ ጠብ ሲል ፍሙ ጭስ ይላል። በላዩ ሎሚ፣ በላዩ ሚጥሚጣ…" አሁን ማንም የሚመልስላቸው አልነበረም። ሁሉም አፉ ሞልቷል። የተጠየቀው ሁሉ በጣቱ ብልቃጡን ያሳያል፤ አንዱ ሳቅ ሲያመልጠው ሌላው በክርኑ ይጎስመዋል። ቡርሽ ተገኝቶባቸው የወጡት አራቱም ከጥግ ሆነው በቅናት ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ሰባት ብልቃጥ ሞላ። ማቲዎስ እየዘጋ፣ ቁጥር እየጻፈ በረዶው ውስጥ ከተታቸው።

የሐጂ ባሽር ብልቃጥ ባዶ ነበር።

ምርቃቱን የመሩት፣ ከሁሉ ይልቅ የተናገሩት፣ ጫቱንም አብዝተው የቃሙት እሳቸው ናቸው። ስኳራቸውም አፍ ያደርቃል። ማቲዎስ ስለ ቃሪያው ደገመላቸው፤ ጋሽ ቢያዝን አንድ ሙሉ ዓሣ ጨመሩ። ሐጂ ባሽር ዓይናቸውን ጨፍነው በትጋት ቢያዳምጡም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዴ ትንሽ መጣላቸውና ደስታቸውን ሊናገሩ ሲሉ ዋጡት።

"ዋጥኩት!" አሉ። "አውፍ በለኝ ልጄ። የስንት ዓመት ልማድ ነው።"

ማቲዎስ ሰዓቱን አየ። ላቦራቶሪው ሊዘጋ ብዙም አልቀረውም። "ግድ የለም ሐጂ" አለ። ድምፁ ግን ግድ እንዳለው ያስታውቃል። ሐጂ ባሽርም ሰምተውታል፤ ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፉ።

ኡመይማ መጥታ ከአያቷ አጠገብ ተንበረከከች።

"አባባ።"

"ወዬ።"

"ሐላዋ።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። በዚያ ቤት ውስጥ የዚህ ጣፋጭ ስም ከተጠራ ዓመት አልፎታል፤ እንዳይጠራ የከለከለችውም እሷ ናት።

"ያ ቁርጥራጩ አይደለም" አለች ለስለስ ባለ ድምፅ። "ትልቁ። ትሪ ላይ ገና ትኩስ እያለ። ቢላዋ ሲገባበት ትንሽ ይለጠጣል፣ ታስታውሳለህ? ሄሉ ይሸታል። ከላዩ ኦቾሎኒ አለው። ጫፉን፣ ጠንከር ያለውን፣ አንተ የምትወደውን ጫፍ ቆርጠህ…"

የሐጂ ባሽር አፍ ሞላ። ግራ እጃቸውን አንሥተው ዝም በሉ የሚል ምልክት አሳዩና በቀኛቸው ብልቃጡን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ኡመይማ አላቆመችም፤ ስለ ሁለተኛው ቁራጭ፣ ስለ ሦስተኛው ነገረቻቸው። ማቲዎስ አጎንብሶ ብልቃጡን ያይ ነበር። ሲሞላ፣ ከመሥመሩ ሲያልፍ፣ ቤቱ ሁሉ ግብ እንደገባ አጨበጨበ።

"ሞላ! ሐጂ ሞላ!"

"አሁን አምጪው" አሉ ሐጂ ባሽር አፋቸውን እየጠረጉ።

"ምኑን?"

"ሐላዋውን ነዋ!"

"በቃል ነው የተባለው አባባ" አለች ኡመይማና ሣጥኑን አንሥታ ሮጠች።

ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ ማቲዎስ ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር። ዶክተር ኃይለ ሚካኤል ጋውናቸውን ሊያወልቁ አንዱን እጅጌ አውጥተው ሳለ ደረሱ። ሣጥኑን ከፍተው ብልቃጦቹን ቆጠሩ፤ መልሰው ጋውኑን ለበሱ።

"ስምንት" አሉ። "እስቲ ውስጡ የሚነበብ ነገር ካለ እንይ።"

ሦስቱም አብረው ሠሩ። ናሙናዎቹ በማሽን ተሽከረከሩ፣ ታጠቡ፣ ተለኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሚፈለገው በላይ ዲ.ኤን.ኤ. ተገኘባቸው። ሦስተኛው አፋፍ ላይ ነበር፤ ዶክተሩ ደግመው ለክተው አሳለፉት። ስምንተኛው፣ የሐጂ ባሽር፣ ከሁሉም በላጭ ሆነ።

"ምን አብልተሃቸው ነው?" አሉ ዶክተሩ።

"ምንም ዶክተር። እንደውም አስርበናቸዋል።"

ሁሉን ነገር አሰናድተው ጨርሰው ትንሿ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘችው በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ስክሪኑ መጀመሪያ ባዶ ነበር። ከዚያ አንድ መስመር ፊደል መጣ፣ ሁለተኛ መጣ፣ ከዚያ ዓይን ሊከተለው እስኪያቅተው ድረስ ጎረፈ። ማቲዎስ ወንበሩን ረስቶ ቆሞ ያይ ነበር። ከሆጤ የመጣ አፍ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ አፍ፣ ሁሉም እየተነበበ ነው። ምን እንደሚል ገና አያውቅም፤ ለመተርጎም ወራት ይፈጃል። የማያውቀውን ማየቱ ራሱ ግን ፊቱን አበራው።

"ርዕሱ ያንተ ነው" አሉት ዶክተር ኃይለ ሚካኤል። "አደራ፣ ሳትቸኩል ሥራው።"

ይህን ሲሉ ስልኩ ጠራ። ሐጂ ባሽር ናቸው። በዚህኛው በኩል ባጃጅ የለም፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።

"አንተ ልጅ፣ ጉድ አፈላህብኝ!"

"ምነው ሐጂ? ደኅና አይደሉም?"

"እኔማ ደኅና ነኝ። ከጁምዓ ስወጣ መስጊዱ በር ላይ ከብበው ያዙኝ። ሳሊሃ ለሆጤ ሰው ሁሉ ነግራለች። 'የነሐጂ ባሽር አፍ ለዩኒቨርሲቲ ሲፈለግ የኛ ምን ጎድሎት ነው?' ብለው ተቀይመውኛል። የታች ሰፈሮቹ የላይ ሰፈሮቹን፣ 'እናንተ ቡርሽ ታውቃላችሁ' እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱ ከትናንት ጀምሮ ጫት ትተው አፋቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ምን ልበላቸው?"

ማቲዎስ የስልኩን አፍ በእጁ ሸፈነና ወደ ዶክተሩ ዞረ።

"ዶክተር" አለ፤ "ስንት ብልቃጥ ቀርቶናል?"